«በመጫን ላይ» ሲል ምን እያለን ነው?

ስልክና ኮምፒውተር ላይ የምትዞረዋን ትንሽ ክብ የማያውቃት አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ስንነካ ብቅ ትላለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ አንዳንዴ የፈለግነውን ይዛልን ትመጣለች፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደዞረች ትቀራለች። የእኔ ዕድሜ ሰዎች በእሷ ላይ ብዙ ቅሬታ አለን። ቡና ላይ ስንገናኝ ከጉልበት ሕመምና ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ የምናነሳት እሷን ነው። ልጆቻችን ግን ቅሬታችንን እንደ ቀልድ ነው የሚሰሙት። «እማዬ፣ ትንሽ ጠብቂ እንጂ» ይሉንና ስልኩን ከእጃችን ተቀብለው፣ ነካ ነካ አድርገው ይመልሱልናል። ጉዳዩ ያልቃል፤ እኛ ግን የተማርነው ነገር የለም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ሕፃናት ትኩሳት ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ አንባቢም «ሲስተር ስለ ስልክ ምን አገባት?» ሊል ይችላል። ነገር ግን 36 ዓመት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ስሠራ ከመርፌና ከቁስል እኩል ያየሁት ነገር ቢኖር የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰው ሲጠብቅ መቼ እንደሚታገሥ፣ መቼ ደግሞ ተነሥቶ በር እንደሚያንኳኳ አውቃለሁ። የዚህች ክብ ጉዳይም ቀስ ብዬ ስመረምረው የቴክኖሎጂ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም።

ትልቋ ልጄ እዚሁ አዲስ አበባ ሶፍትዌር የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። አንድ እሑድ ቡና እያፈላሁ «ይህቺ ክብ ስትዞር ከጀርባ ምን እየተደረገ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። በሙያዋ ቋንቋ ጀመረችልኝ። ጥቂት ሰማኋትና «ቆይ፣ እኔ በገባኝ ልንገርሽ፤ አንቺ አርሚኝ» አልኳት።

ድሮ ተመላላሽ ሕክምና የመጣ በሽተኛ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ተሰልፎ ካርዱን ያስወጣል። ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ይገባል። ሐኪሙ የደም ምርመራ ካዘዘለት ወጥቶ ገንዘብ ይከፍላል፤ ላቦራቶሪ ይሰለፋል፤ ውጤቱን ይዞ ተመልሶ እንደ አዲስ ተራ ይይዛል። ራጅ ከታዘዘ ደግሞ ያው ዙር ነው። ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሲባል ሰውየው ሁሉን ነገር ከበሩ ጀምሮ ይደግማል። የቀድሞው ኢንተርኔትም እንዲሁ ነበር። አንድ ነገር በነካን ቁጥር የነበረው ገጽ በሙሉ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ አዲሱ ገጽ ከነአርማው፣ ከነሥዕሉ፣ ከነማውጫው ከላይ እስከ ታች እንደገና ይመጣል። የተለወጠው አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም የሚመጣው ግን ሁሉም ነው።

አሁን በብዛት የሚሠራበት መንገድ ሌላ ነው። በሽተኛው ሐኪሙ ፊት እንደተቀመጠ ይቆያል። የምርመራ ወረቀቱን ተላላኪ ይዞት ይሄዳል፤ ላቦራቶሪው የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ሐኪሙም እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ ደረት ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። ውጤቱ ሲደርስ ካርዱ ውስጥ ይገባል። የተለወጠው ያ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን መላክና መቀበል «አሲንክሮነስ» ይሉታል፤ አንዱ ሌላውን ቆሞ ሳይጠብቅ ሁሉም በየፊናው ይሠራል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ ሳይጠፋ፣ ውስጡ ብቻ እየተቀያየረ የሚሠራውን ገጽ ደግሞ «ሲንግል ፔጅ አፕሊኬሽን» ይሉታል፤ እኛ ባለ አንድ ገጽ እንበለው። ልጄ ይህን ስትሰማ «በቃ፣ አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ወደ አንቺ እልከዋለሁ» ብላ ሳቀች።

ነገሩ ያን ያህል አዲስም አይደለም። ማይክሮሶፍት ኢሜይላቸውን በኢንተርኔት ለሚያነቡ ሰዎች ብሎ የሠራው ይህ የተላላኪ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ከተባለው ብራውዘር ጋር ወጣ። ብዙ ሰው ልብ ያለው ግን ጂሜይል በ2004፣ ጎግል ማፕስ ደግሞ በ2005 ሲመጡ ነው። ካርታውን ወደ ጎን ሲጎትቱት ገጹ ነጭ ሳይሆን የጎደለው ቁራጭ ብቻ እየመጣ ይገጣጠም ነበር። በዚያው በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ አሜሪካዊ ዲዛይነር ለዘዴው «ኤጃክስ» የሚል ስም አወጣለት፤ የልብስ ሳሙና እንዳይመስላችሁ።

ጥቅሙን አልክድም። እንደ እኛ ኢንተርኔት በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው፣ የተለወጠው ቁራጭ ብቻ መምጣቱ ቁጠባ ነው። እርግጥ መጀመሪያ ሲከፈት ጓዙን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዞ ስለሚመጣ ደካማ ኔትወርክ ላይ የመጀመሪያዋ ሰዓት ትረዝማለች። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ቅቤ ነው።

የጠፋው ምልክቱ ነው። በድሮው አሠራር ስክሪኑ ነጭ ሲሆን «አሃ፣ ሄዷል» እንላለን። ብራውዘሩ ራሱ እየሠራ መሆኑን ከላይ ያሳያል፤ ካልተሳካም ገጹን አላገኘሁትም ብሎ በትልቁ ይጽፋል። በአዲሱ አሠራር ግን ተላላኪው የሚወጣው በጓሮ በር ነው። ገጹ እንደነበረ ነው፤ ቁልፉም እንደነበረ ነው። ሠሪው አስቦ ምልክት ካላስቀመጠልን በቀር የላክነው ነገር ይሂድ፣ አይሂድ፣ መንገድ ላይ ይቅር የምናውቅበት የለም። ብራውዘሩ በነጻ ይሰጠን የነበረውን ማስታወቂያ አሁን ፕሮግራመሩ በእጁ መሥራት አለበት። የሚረሳውም እዚህ ላይ ነው።

ይህ ለወጣት ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። የታላቅ ወንድሜን ነገር ልንገራችሁ።

ጋሼ 74 ዓመቱ ነው። በጂኦግራፊ መምህርነት ነው ጡረታ የወጣው። የልጅ ልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም፣ ደስ ስለሚለው ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍያው በኢንተርኔት እንዲሆን ካደረገ ወዲህም ራሱ በስልኩ መክፈል ተማረ። ባለፈው ዓመት የሁለተኛውን መንፈቅ 9,400 ብር ሊከፍል ቁጥሩን ሁሉ በጥንቃቄ ሞላ፤ መነጽሩን አስተካክሎ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ «ክፈል» የሚለውን ተጫነ። ምንም አልሆነም። ቁልፉ ቀለሙን እንኳ አልለወጠም። ከሥሩ ብቻ በደብዛዛ ግራጫ «በመጫን ላይ…» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጋሼ አነበበውና እንደገና ተጫነ። ጽሑፉ አሁንም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነ። ጥቂት ቆይቶ የባንክ መልእክት መጣለት፤ 9,400 ብር ከሂሳብዎ ወጪ ሆኗል። ወዲያው ሌላ ተከተለ፤ 9,400 ብር ከሂሳብዎ ወጪ ሆኗል። ለሦስተኛው የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም።

በሁለተኛው ገንዘብ ውስጥ የወሩ የስኳርና የግፊት መድኃኒት መግዣ ነበረበት። ተመላሽ እስኪሆን 19 ቀን ፈጀ። መድኃኒቱን እኔ ገዛሁለት፤ እሱም አልቀለለውም። ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው ግን ልጆቹ ያሉት ነገር ነው። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ደንግጠው ነው። «አባዬ፣ ከእንግዲህ አንተ አትንካው። ለእኛ ንገረን፣ እኛ እንከፍላለን» አሉት። «እሺ» አለ። ያ «እሺ» ደስ አላለኝም። ዕድሜውን ሙሉ የዓለምን ካርታ ለሰው ልጅ ሲያስነብብ የኖረ፣ በዕድር ስብሰባ እንኳ ሳይከራከር የማያልፍ ሰው እንዲህ በቀላሉ እሺ አይልም።

በማግሥቱ ቤቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ደጋግመህ የተጫንከው?» አልኩት።

«ተጫን ሲለኝ ነዋ!» አለኝ።

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። «በመጫን ላይ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ እንደገና፣ አሁን «ጫ» ላይ ጠበቅ አድርጌ አነበብኩት። ያኔ ገባኝ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «መጫን» ላልቶ ሲነበብ አህያ ላይ እህል መጫን፣ መኪና ላይ ዕቃ መጫን ነው። ገጽ «ይጫናል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ ፈረንጆቹ «ሎድ» የሚሉትን ተርጉመውት። ጠብቆ ሲነበብ ግን በጣት መጫን ነው፤ የደወልን፣ የቁልፍን፣ የሊፍትን መጫን። ሲጻፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ታዲያ አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ፣ ወዲያው ከሥሩ «በመጫን ላይ…» የሚል ቢወጣለት ምን ብሎ ያንብበው? ያውም መጨረሻው ላይ ነጠብጣብ ተደርጎበት፣ ገና ያልተጨረሰ ነገር እንዳለ እየነገረው? ጋሼ «ገና እየተጫንክ ነው፣ በርታ» ብሎ አነበበው። የተሳሳተው አማርኛ አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ልጆቹ ጽሑፉን አያነቡትም እኮ፤ ክቧን ያዩና በልባቸው «ሎዲንግ» ብለው ይጠብቃሉ። የሚያነበው የእኛ ዕድሜ ሰው ነው።

ነርስ ሆኖ ለሠራ ሰው ይህ ታሪክ የመድኃኒት መስጫ ቅጹን ነው የሚያስታውሰው። ዋርድ ውስጥ እያንዳንዱ በሽተኛ ቅጽ አለው። የአሥራ ሁለት ሰዓቱን መድኃኒት የሰጠች ነርስ ሰዓቱን ጽፋ ትፈርማለች። ሰጥታ ሳትፈርም ከወጣች፣ ተረኛዋ መጥታ ባዶውን ቦታ አይታ ደግማ ትሰጣለች። አንዳንድ መድኃኒት ቢደገም ችግር የለውም፤ አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል። ጥፋቱ የሁለተኛዋ ነርስ አይደለም። እሷ ያየችው ባዶ ቦታ ነው። ጋሼም ያየው ባዶ ቦታ ነው።

ልጄን ደግሞ ጠየቅኳት፤ እሺ ጽሑፉስ ጽሑፍ ነው፣ ሁለተኛ ሲነካው ቁልፉ ለምን ተቀበለው? «ዋናው ጥፋት እሱ ነው» አለችኝ ሳታንገራግር። አንዴ ከተነካ በኋላ ቁልፉ ደብዝዞ መቆለፍ ነበረበት። ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ክፍያ ገና ከስልኩ ሳይወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ሊለጠፍበት ይገባል፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ተቀባዩ ኮምፒውተር «ይሄን ተቀብያለሁ» ብሎ ይተወዋል። አሥር ጊዜ ቢነካ የሚከፈለው አንዴ ይሆናል። በሙያው ውስጥ የታወቀ ነገር ነው አሉ። የናሙና ብልቃጥ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር እንደምንለጥፈው ማለት ነው።

ብልቃጡን ሳነሳባት ሌላም ነገር ነገረችኝ። ሁለት ተላላኪ በተከታታይ ብንልክ መጀመሪያ የሄደው መጀመሪያ ይመለሳል ማለት አይደለም። የአውቶቡስ ሰዓት ስንፈልግ «ደሴ» ብለን ጽፈን፣ ወዲያው ሐሳባችንን ለውጠን «ደብረ ብርሃን» ብንል፣ የደብረ ብርሃኑ መልስ ቀድሞ ደርሶ የደሴው ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ጥንቃቄ በጎደለው ገጽ ላይ ያኔ ከላይ ደብረ ብርሃን ተጽፎ ከሥሩ የደሴ አውቶቡሶች ይዘረዘራሉ። ይህን ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ። የአንዱን የደም ውጤት የሌላው ካርድ ውስጥ ማስገባት ምን እንደሚያስከትል የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን እኔና ልጄ አልተስማማንም። አንዳንድ ገጾች የላክነው ነገር ገና ሳይደርስ «ደርሷል» ብለው ያሳያሉ። የልጅ ልጃችን ፎቶ ላይ ልቧን ስንነካ ወዲያው የምትቀላው ለዚህ ነው። ይሳካል ተብሎ ታስቦ አስቀድሞ ይታያል፤ ካልተሳካ ቀስ ተብሎ ይመለሳል። ልጄ «አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል፣ ሰውም ፍጥነት ይወዳል» ትላለች። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ሳትሰጥ አስቀድማ የምትፈርም ነርስ አይቻለሁ፤ የዋርድ ኃላፊ ሆኜ ተቆጥቼያታለሁም። በሽተኛው ተኝቶ ይሆናል፣ አስታውኮት ይሆናል፣ መድኃኒቱ ከፋርማሲ አልመጣም ይሆናል፤ ቅጹ ላይ ግን ወስዷል። ለልቧ ግድ የለኝም። በገንዘብ፣ በቀጠሮና በመድኃኒት ግን ያልሆነውን ሆኗል ማለት ውሸት ነው። በገንዘቡ ተስማማችልኝ፤ በቀጠሮው ገና እንከራከራለን።

ስለ መጠበቅ የተጻፈም ነገር አለ። ጄከብ ኒልሰን የተባለው የዘርፉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከእሱ በፊት በ1968 ሮበርት ሚለር ከጻፈው ተነሥቶ፣ ሦስት ልክ አስቀምጧል። በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ የመጣ መልስ ወዲያው የሆነ ይመስለናል። እስከ 1 ሰከንድ ድረስ መዘግየቱን ብናስተውልም ሐሳባችን አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ልባችን ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዚያ ለሚረዝም ነገር ምን ያህል እንደቀረ ሊነገረን ይገባል። ዴቪድ ማይስተር የተባለ ሌላ ሰው ደግሞ በ1985 ስለ ወረፋ በጻፈው ላይ ምክንያቱ ካልተነገረ፣ መጨረሻውም ካልታወቀ አጭሩ ወረፋ እንደሚረዝም አስረድቷል።

ይህን ለማወቅ እኔ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት እናቶች «ሐኪሙ ኦፕሬሽን ገብቷል፣ ከአንድ ሰዓት በፊት አይወጣም» ካልኳቸው አንዷ ልጇን ታጠባለች፣ ሌላዋ ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች፤ ማንም አያንኳኳም። ምንም ሳልነግራቸው ሃያ ደቂቃ ካለፈ ግን በየሁለት ደቂቃው በሩ ይንኳኳል። የሚያንኳኩት ባለጌ ስለሆኑ አይደለም። የተረሱ መስሏቸው ነው። ዝም ያለ በር ደጋግሞ ማንኳኳትና ዝም ያለ ቁልፍ ደጋግሞ መንካት አንድ ነገር ናቸው።

ልስላሴውም ለሁሉም አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2013 አፕል የአይፎንን መልክ ሲቀይር ሲከፈትና ሲዘጋ እየቀረበና እየራቀ የሚሄድ እንቅስቃሴ ጨመረበት፤ ብዙ ሰዎች አዞረን፣ አቅለሸለሸን ብለው አማረሩ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት እንቅስቃሴውን መቀነሻውን አሻሻለው። የውስጥ ጆሮ ሕመም ወይም ማይግሬን ያለበት ሰው ይህን ያውቀዋል። ገጽ ሲንሸራተት የሚያዞራችሁ ካላችሁ ሕመሙ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ሞሽን በሚለው ሥር፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮችም አክሰሲቢሊቲ ውስጥ አኒሜሽን ማጥፊያ አለ። አንድ ልጅ በአንድ ደቂቃ ያስተካክልላችኋል። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ስልካቸው ጽሑፉን በድምፅ ያነብላቸዋል፤ ገጹ በሙሉ ሲቀየር ይነግራቸዋል፤ ውስጡ ብቻ በጸጥታ ሲቀየር ግን ሠሪው ካላዘዘው በቀር ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ እንዲህ ያለው ለውጥ በድምፅም እንዲታወቅ የሚያደርግ መስፈርት ጨምሯል። ለማየት የተሳነው ሰው የታሰበው ይህ ነገር ለጋሼም ይበጀው ነበር።

ወደ እሱ ልመለስ። ስትሮክ የመታው ሰው ቤት ሲገባ ቤተሰቡ በፍቅር ብዛት ያጎርሰዋል፣ ሸሚዙን ይቆልፍለታል። የደከመችው እጁ ትንሽ ትንሽ መሥራት ትችል ነበር፤ ሥራ ስታጣ ግን ትተዋለች። ለስንቱ ቤተሰብ «እባካችሁ ማንኪያውን ስጡት፣ ቢያፈስም ያፍስ» ብያለሁ። የጋሼን ልጆችም ጠርቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ስልኩንም መልሱለት። አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ግን ሰብስቡ። ትልቁ ልጅ «እንደገና ቢሳሳትስ፣ አክስቴ?» አለኝ። የተሳሳተው ገጹ ነው አልኩት፤ «በመጫን ላይ»ንም አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበበና ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ።

እስከዚያው ለጋሼም ለጓደኞቼም የምነግረው ትንሽ ነው። ገንዘብ ያለበትን ቁልፍ አንዴ ነክታችሁ እጃችሁን አንሡ። ሁለተኛ ከመንካታችሁ በፊት የባንኩ መልእክት መጥቶ እንደሆነ እዩ፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ መልእክቱም ሊዘገይ ስለሚችል ታገሡት። ቅጽ እየሞላችሁ ሳለ ወደ ኋላ መመለሻውን አትንኩ። ባለ አንድ ገጽ በሆነ ነገር ላይ፣ ሠሪው ካልተጠነቀቀ፣ ብራውዘሩ ሁሉንም እንደ አንድ ገጽ ስለሚቆጥረው አንድ እርምጃ መመለስ ሲገባው ሙሉ በሙሉ ያስወጣችኋል፤ የሞላችሁትም አብሮ ይሄዳል።

ልጄ የመጫንን ነገር ቢሮዋ ወስዳ አወራችው። የእነሱ ሥራም ላይ ያው ቃል ነበር አሉ። ሊቀይሩት ተቀምጠው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። «እባክዎ ይጠብቁ» ቢባል ምኑን እንደሚጠብቅ አይናገርም። «እየመጣ ነው» ቢባል ገንዘቡ እየሄደ ነው እንጂ እየመጣ አይደለም። በመጨረሻ «ክፍያዎ እየተላከ ነው። ደግመው አይንኩ።» የሚለው ላይ ደረሱ። አንዱ ልጅ ለትንሽ ስልክ ይረዝማል ብሎ ተቃወመ፤ ክቧን አሳንሳት ተባለ።

ከዚያ የሚሞክርላቸው ሽማግሌ ፈለጉ። ጋሼ ከረባቱን አስሮ ሄደ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። አምስት ወጣቶች ከበውት ስልክ ሰጡት፤ ገንዘቡ የውሸት ነው። ሁሉን ነገር እንደ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ሞላ። «ክፈል» የሚለውን አንዴ ነካ። ቁልፉ ደበዘዘ፤ ጽሑፉ በጉልህ ወጣ፤ እሱም አነበበው። እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። ጋሼ ግን ስልኩን ገና እያየ ነበር።

«እዚህ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ቢሄድ፣» አላቸው፣ «ገንዘቤ ሄዷል ነው የምትሉኝ ወይስ አልሄደም?»

የመለሰለት አልነበረም። ርዝመቱን የተቃወመው ልጅ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠና ደብተሩን ገለጠ። «ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አለ።